የ18650 ሴል ዕድሜና ደኅንነት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በግንባር የሚታሰር መብራት፣ ፓወር ባንክ፣ የፀጉር ቤት ቶንዶስ፣ አነስተኛ የብሉቱዝ ስፒከር እና ከዓረብ አገር በሻንጣ የሚመጣው፣ ብዙዎች ቬፕ የሚሉት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በመልክም በአገልግሎትም የማይገናኙ ዕቃዎች ናቸው። ተፈትተው ሲታዩ ግን በብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ወርዱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 18650 ተብሎ የሚታወቅ ክብ የሊቲየም አዮን ሴል። መሣሪያው ለዓመታት እንዲያገለግል ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ከጥቅም ውጭ እንዲሆን የሚያደርገው በአብዛኛው ይኸው ሴል ነው። አምፖሉ፣ ሞተሩ ወይም ማሞቂያ ሽቦው ገና ጤነኛ ሆኖ ሳለ መሣሪያው «ሞተ» ተብሎ ሲጣል፣ የሞተው ሴሉ ብቻ የሆነበት ጊዜ እጅግ ብዙ ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመሣሪያው ይልቅ በሴሉ ላይ ያተኩራል። ሴሉን ከመግዛት ጀምሮ እስከ ማስወገድ ድረስ ያሉትን ሥራዎች በቅደም ተከተል ያስረዳል፤ ቬፕን በሚመለከት ደግሞ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ምክንያቱም ከተዘረዘሩት ዕቃዎች ሁሉ ሴልን በኃይል የሚያስጨንቀውና ለሰው አካል እጅግ ቀርቦ የሚያዘው እርሱ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፦ ሴል በምን ያረጃል

የሊቲየም አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ ኩባንያ ለገበያ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም አዮኖች ከብረታ ብረት ኦክሳይድ ወደ ግራፋይት ይሄዳሉ፤ ኃይል ሲሰጥ ይመለሳሉ። በዚህ ምልልስ መካከል አንዳንዱ ሊቲየም በጎንዮሽ ኬሚካላዊ ለውጥ ታስሮ ይቀራል፣ ወደ ሥራም አይመለስም። የባትሪ እርጅና ማለት በዋናነት ይህ ነው። የጎንዮሹን ለውጥ የሚያፋጥኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀት እና ሴሉ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ለረጅም ጊዜ መቆየቱ።

የተለመደው 18650 ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ በመካከለኛ ደረጃ ላይ ሲሆን ከ3.6 እስከ 3.7 ቮልት፣ ሲያልቅ ደግሞ እንደየሥሪቱ ከ2.5 እስከ 3.0 ቮልት ያሳያል። ሙሉ በሙሉ እየተሞላና ሙሉ በሙሉ እያለቀ ሲሠራ፣ ከ300 እስከ 500 ዙር ከቆየ በኋላ አቅሙ ወደ መነሻው 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በከፊል እየሞሉ በከፊል መጠቀም ይህን ቁጥር በእጅጉ ያሳድገዋል። ሳይነካ የተቀመጠ ሴልም ያረጃል፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት 40 በመቶ ብቻ ተሞልቶ ለአንድ ዓመት የተቀመጠ ሴል ከአቅሙ 4 በመቶ ያህል ሲያጣ፣ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በ40 ዲግሪ የተቀመጠው ግን ሲሶ ያህሉን ያጣል።

ይህ ቁጥር ለእኛ አካባቢ የተለየ ትርጉም አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኘው ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ የሚበልጥ ልዩነት ስለሚያሳይ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። በጥላ ሥር ይህ ልዩነት ብዙ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው የኮምቦልቻ ፀሐይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በቆመ ባጃጅ መስታወት ፊት ለፊት ሲጠራቀም ነው። የደሴ ብርድ በአንጻሩ ለሴሉ ወዳጅ ነው፤ የደሴን ሰው የሚያሳስበው ብርዱን ለመከላከል የሚደረገው ነገር ነው፤ ማለትም መሣሪያውን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማኖር፣ በጋቢና በብርድ ልብስ ሸፍኖ ቻርጅ ማድረግ።

አንደኛ ደረጃ፦ ሴሉን መምረጥ

በገበያ ላይ «9900» እና ከዚያም በላይ ሚሊ አምፔር ሰዓት (የሴል አቅም መለኪያ) የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው 18650 ሴሎች በብዛት ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ሴል የለም። በዚህ መጠን ከሚሠሩት ውስጥ ከፍተኛ አቅም ያላቸው ዕውቅ ሴሎች ከ3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙም አያልፉም። ስለዚህ ከ3,600 በላይ የሚል ማንኛውንም ጽሑፍ እንዳዩ ዕቃውን ይመልሱ፤ በአቅሙ ላይ የዋሸ አምራች በደኅንነቱም ላይ እውነቱን ይናገራል ብሎ ማመን አይቻልም።

ሁለተኛው መለያ ክብደት ነው። እውነተኛ ሴል ከ44 እስከ 50 ግራም ባለው ክልል ውስጥ ይመዝናል። ወርቅ ቤት ወይም ቅመም የሚመዝን ሱቅ ያለው ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ለዚህ በቂ ነው። ሴሉ ከ40 ግራም በታች ከመዘነ ውስጡ አነስተኛ ሴል ተደብቆበታል ወይም በባዕድ ነገር ተሞልቷል ማለት ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አምፔር፣ ማለትም ሴሉ በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን ነው። ትልቅ አቅም ያለው ሴል ብዙ ጊዜ ከፍተኛ አምፔር አይሰጥም። ለምሳሌ የሳምሰንግ 35ኢ ሴል 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አቅም አለው፤ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ግን 8 አምፔር ነው። የዚሁ ኩባንያ 25አር ሴል አቅሙ 2,500 ብቻ ሆኖ ሳለ 20 አምፔር ይሰጣል። ለግንባር መብራትና ለፓወር ባንክ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ለኃይለኛ ቬፕ ወይም በባትሪ ለሚሠራ መሰርሰሪያ ግን ሁለተኛው ግድ ይላል።

የጥገና ባለሙያዎች ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ፈትተው የሚሸጧቸው ሴሎች ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ በእኔ አስተያየትም ሁልጊዜ የሚናቁ አይደሉም። አብዛኞቹ ከእውነተኛ አምራች የወጡ ናቸው፤ አዲስ ሳሉም ከ2,200 እስከ 2,600 ሚሊ አምፔር ሰዓት አቅም ነበራቸው። ለመብራት፣ ለሬዲዮና ለአነስተኛ ስፒከር ተለክተውና ተመርጠው ሊያገለግሉ ይችላሉ። ለከፍተኛ አምፔር ስላልተሠሩ ግን ቬፕ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለባቸውም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ በመጀመሪያው ቀን መለካትና መመዝገብ

ለዚህ የሚያስፈልገው ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የሚገኝ ቀላል መልቲሜትር ነው። መራጩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ፤ ቀዩን ሽቦ በሴሉ አናት፣ ጥቁሩን በታችኛው ጫፍ ላይ ያስነኩ። አዲስ ሴል ከፋብሪካ የሚወጣው በከፊል ተሞልቶ ስለሆነ ከ3.4 እስከ 3.7 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከ2.5 ቮልት በታች ካሳየ አይግዙት።

ሴሉን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ካደረጉ በኋላ ከቻርጀሩ አውጥተው አንድ ሙሉ ቀን ያሳርፉትና እንደገና ይለኩት። ጤነኛ ሴል ከ4.15 ቮልት በላይ ይዞ ይቆያል። በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 4.0 ቮልት ወይም ከዚያ በታች የወረደ ሴል ውስጡ ኃይል ያፈስሳል፤ ውስጡ የሚያፈስስ ሴል ደግሞ ሰው በሌለበት የሚሞቅ ሴል ነው።

ከዚያም በየትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው የብርሃን ወይም የኃይል ደረጃ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይመዝግቡ፤ በሴሉ ልባስ ላይም የተገዛበትን ወርና ዓመት በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፉበት። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከስድስት ወር በኋላ «ባትሪው ደክሟል ወይስ መብራቱ ተበላሽቷል» የሚለውን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለመመለስ የሚያስችለው ይህ ማስታወሻ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀን አምስት ሰዓት የሠራ መብራት በተመሳሳይ ደረጃ አራት ሰዓት መሥራት ሲጀምር ሴሉ 80 በመቶ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ቻርጅ አደራረግ

ትክክለኛ ቻርጀር በሁለት ምዕራፍ ይሠራል። በመጀመሪያ በተወሰነ አምፔር እየሞላ ሴሉን 4.2 ቮልት ያደርሰዋል፤ ከዚያ ቮልቱን በዚያው ይዞ አምፔሩን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይዘጋል። በጥገና ቤቶች ዘንድ የታወቀው ቲፒ4056 የተባለው ትንሽ ሰማያዊ ቦርድ ይህን ሥራ በ1 አምፔር በሚገባ ይሠራል፤ የ3,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሴል ለመሙላትም ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስድበታል። ይህ ቦርድ በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አንደኛው ቻርጅ ብቻ ያደርጋል፤ ሌላኛው፣ ሁለት ተጨማሪ ትናንሽ ቺፖች የተገጠሙበት፣ ሴሉ ከመጠን በላይ እንዳያልቅና ሾርት እንዳያደርግ ይጠብቃል። ራስዎ መብራት የሚሠሩ ወይም የሚያሠሩ ከሆነ ሁለተኛውን ይጠይቁ፤ የዋጋ ልዩነቱ ከጥቅሙ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሰው ሁሉ ያገኘውን ኃይል እስከ ጫፍ ሞልቶ ማስቀመጥ ይፈልጋል፤ ፍላጎቱም የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ሁሉንም መሣሪያ ዘወትር መቶ በመቶ ላይ ማቆየት የሴሉን ዕድሜ ያሳጥራል። የሚሻለው አንድ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ፓወር ባንኩን፣ ለመብራት መጥፋት ተጠባባቂ አድርጎ ሙሉ ማቆየትና ሌሎቹን ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ መጠቀም ነው። የመሙያ ደረጃ ማመልከቻ የሌለው መሣሪያ ከሆነ ደግሞ የቻርጀሩ መብራት ቀለም እንደተለወጠ መንቀል በቂ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ ማሳደር ግን አያስፈልግም።

ኃይሉ ሲመለስ የሚኖረው የቮልት መዋዠቅ በቅድሚያ የሚጎዳው ሴሉን ሳይሆን ሶኬቱ ላይ የሚሰካውን የስልክ ቻርጀር ነው። ርካሽ ቻርጀር ሲበላሽ ግን 5 ቮልት መስጠቱን ትቶ ከዚያ በላይ ሊለቅቅ ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ኃይሉ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ መሰካት ጥሩ ልማድ ነው። በአንድ ዲቫይደር ላይ ምጣድ ወይም የውሃ ማፍያና ቻርጀር አብሮ አይሰካ።

አንድ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ግራ መጋባትም አለ። ርካሽ መብራቶችና ቬፖች ሞላላውን የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ቢይዙም፣ ቻርጀሩ መሣሪያ መሰካቱን የሚያውቅባቸው ሁለት ትናንሽ ሬዚስተሮች አይገጠሙባቸውም። በዚህ ምክንያት በሁለቱም ጫፍ ዩኤስቢ ሲ በሆነ ገመድና በአዲስ የስልክ ቻርጀር ሲሰኩ ምንም አይቀበሉም፤ ባለቤቱም ባትሪው የሞተ ይመስለዋል። አንዱ ጫፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ በሆነ ገመድና በተራ ቻርጀር መሰካት ችግሩን ይፈታል። ሴል ከመቀየርዎ በፊት ይህን ይሞክሩ።

ቻርጅ የሚደረግበት ቦታም ወሳኝ ነው። ጠንካራና የማይቀጣጠል ወለል፣ ለምሳሌ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ የራቀ፣ ከመውጫ በር መንገድ ላይም ያልሆነ መሆን አለበት። በደሴ ክረምት ብዙ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ከሰል አቀጣጥሎ ስለሚያመሽ፣ ባዶው ሶኬት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከምድጃው አጠገብ ነው። እባክዎ ሶኬቱን በሌላ ገመድ አርቀው ይጠቀሙ። ሴል ቻርጅ ሲደረግ ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ በእጅ ይዞ ማቆየት እስኪያስቸግር ድረስ ከሞቀ ግን ሥራው መቆም አለበት። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድም ቻርጅ ማድረግ ሊቲየሙ በግራፋይቱ ላይ በብረት መልክ እንዲለጠፍ ስለሚያደርግ፣ ከጦሳ በላይ ባሉት ደጋማ መንደሮች ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ውጭ ያደረ መሣሪያ ቤት ገብቶ ሙቀቱ እስኪስተካከልና ጤዛው እስኪደርቅ መቆየት ይኖርበታል።

አራተኛ ደረጃ፦ ልባሱንና አያያዙን መጠበቅ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህን ክፍል እንዲያስታውስ እፈልጋለሁ። የ18650 ሴል ጎኑና ታቹ የብረት ቆርቆሮው በሙሉ ኔጋቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ በአናቱ መካከል ያለችው ትንሽ ክብ ብቻ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ክልል ጠባብ የማገጃ ቀለበትና በላዩ የተሸበሸበው ስስ የፕላስቲክ ልባስ ብቻ ነው። ልባሱ ከአናቱ አካባቢ ከተቀደደ፣ አንዲት ቁልፍ፣ ሳንቲም ወይም የመሣሪያው ስፕሪንግ ሁለቱን ልታገናኝ ትችላለች። ያን ጊዜ በደርዘን የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ሴሉ በፍጥነት ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚነገር አይደለም። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2009 እስከ 2016 በአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን የተዘገቡ 195 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እሳትና ፍንዳታዎችን መዝግቧል፤ 133 ሰዎችም ጉዳት ደርሶባቸዋል። ከአደጋዎቹ ውስጥ ትልቁን ቁጥር የያዙት 61ዱ የተከሰቱት መሣሪያው ወይም ተጠባባቂው ባትሪ በኪስ ውስጥ ሳለ ነበር። በአፍ ተይዞ ከሚሠራበት ጊዜ ይልቅ በኪስ የተቀመጠበት ጊዜ እኩል ወይም የበለጠ አደገኛ ነው ማለት ነው። የዚያው አገር የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2021 ሸማቾች መከላከያ የሌላቸውን ልቅ 18650 ሴሎች ከነጭራሹ እንዳይገዙና እንዳይጠቀሙ አሳስቧል።

ስለዚህ ልቅ ሴል በኪስ፣ በቦርሳ ወይም በመሳቢያ ውስጥ እንዲሁ አይቀመጥ። ለሴል የተሠራ የፕላስቲክ ሳጥን ካላገኙ፣ በውሃ የሚሟሟ የቪታሚን እንክብል የሚሸጥበት ክዳን ያለው የፕላስቲክ ቱቦ አንድ ሴል በሚገባ ይይዛል። ልባሱ የተጫረ ወይም የተቀደደ ሴል፣ አካሉ ደኅና ከሆነ፣ በሙቀት የሚኮማተር አዲስ የፕላስቲክ ልባስ ሊለብስ ይችላል፤ በአናቱ ያለችው የወረቀት ቀለበትም ከተጎዳች አብራ ትቀየራለች። ናስትሮ ጠቅልሎ መተው ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሙጫው ሲሞቅ ይንሸራተታል፣ የሴሉንም ውፍረት ጨምሮ መሣሪያው ውስጥ በግድ እንዲገባ፣ ሲወጣም እንዲቀደድ ያደርጋል። ቆርቆሮው የጎደጎደ፣ የዛገ ወይም ፈሳሽ የታየበት ሴል ደግሞ ልባሱ ምንም ያህል ቢያምር መወገድ አለበት።

በመሣሪያው ውስጥ ያሉትን የመገናኛ ጫፎች በየወሩ በደረቅ ጨርቅ፣ ከቆሸሹም ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ አልኮል በረጠበ ጥጥ ይጥረጉ። የቆሸሸ ጫፍ ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚያግድ ተቃውሞ) ይፈጥራል፣ ሬዚስታንሱ ሙቀት ይሆናል፣ ሙቀቱም በቀጥታ ወደ ሴሉ ይገባል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ቬፕን በሚመለከት

በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ወደ አገር ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከልክሏል። ከጤናው ጉዳት ባሻገር፣ ይህ ክልከላ ከመሣሪያው አስተማማኝነት አንጻርም ትርጉም አለው፤ ሕጋዊ ሻጭ ስለሌለ ዋስትና የለም፣ እውነተኛ መለዋወጫ የለም፣ ሲበላሽም ተጠያቂ የሚሆን አካል አይኖርም። ምክሬ ግልጽ ነው፤ የሌለው አይግዛ። ይሁን እንጂ ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ የተመለሰ ዘመድ ይዞት የመጣ መሣሪያ በአንድ ቤት ውስጥ ካለ፣ ሴሉ የቤተሰቡን ደኅንነት የሚነካ ስለሆነ አያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል።

ቬፕ ሦስት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ተጠቅመው የሚጥሉት ነው፤ በውስጡ ያለው ሴል በተፈጥሮው ዳግም የሚሞላ ቢሆንም መሣሪያው ለአንድ ጊዜ ስለተሠራ፣ ፈትቶ ሴሉን ለሌላ ሥራ ለማዋል የሚደረገው ሙከራ አደገኛ ነው። ሁለተኛው ባትሪው የማይወጣለት አነስተኛው ነው፤ ሴሉ ከጥቂት መቶ እስከ አንድ ሺህ ገደማ ሚሊ አምፔር ሰዓት ብቻ አቅም ስላለው በየቀኑ ቻርጅ ይደረጋል፤ ዕድሜውም ከዚሁ የተነሣ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ያልቃል። ሦስተኛው 18650 ወይም ተለቅ ያለውን 21700 ሴል እየተቀየረ የሚያስገቡበት ትልቁ ነው።

በሦስተኛው ዓይነት ላይ ሒሳብ ሳይሠራ ሴል ማስገባት አይገባም። መቆጣጠሪያ ቦርድ የሌለው ሜካኒካል የሚባለው መሣሪያ ከሆነ ቮልቱን ለማሞቂያው ሽቦ ሬዚስታንስ ማካፈል ነው፤ 4.2 ቮልት ለ0.2 ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ) ሲካፈል 21 አምፔር ይሆናል፤ ይህም 8 አምፔር ከሚችለው ሴል ከሁለት እጥፍ በላይ መጠየቅ ነው። ቦርድ ያለው ከሆነ ደግሞ ዋቱ ሴሉ ሊያልቅ ሲል ለሚኖረው ቮልት ይካፈላል፤ 60 ዋት በ3.2 ቮልት 19 አምፔር ያህል ሲሆን፣ በቦርዱ ላይ የሚባክነው ሲታከልበት ከ20 አምፔር ያልፋል። በሌላ አነጋገር በአንድ ሴል በሚሠራ መሣሪያ ላይ ዋቱን ወደ 25 ወይም 30 ዝቅ ማድረግ ለሴሉ የሚሰጥ ትልቁ ዕረፍት ነው። ሜካኒካሉን መሣሪያ በተመለከተ ግን ማንም ሰው እንዲይዘው አልመክርም፤ ስሕተት ሲፈጠር የሚያቆመው ምንም ነገር የለውም።

የአካባቢያችን ከፍታ የሚያመጣው ልዩ ችግርም አለ። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ጨርሶ ደሴ የገባ ሰው የአየር ግፊቱ 8 በመቶ ያህል ቀንሶ ይጠብቀዋል፤ ከባሕር ጠረፍ ከተማ የመጣ ከሆነ ደግሞ ከሩብ በላይ። በግማሽ በተሞላ የቬፕ የፈሳሽ ቋት ውስጥ የታሸገው አየር በዚያው መጠን ስለሚሰፋ ፈሳሹን በማሞቂያው በኩል ወደ ታች ይገፋዋል። ፈሳሹ የመገናኛ ጫፎቹን ያጨማልቃል፤ በመሳብ ብቻ በሚሠሩት ላይ ደግሞ ትንፋሽን የሚያውቀው ሴንሰር ውስጥ ገብቶ መሣሪያው ሰው ሳይነካው እንዲሞቅ ሊያደርግ ይችላል። ከጉዞ በፊት ቋቱን ባዶ ማድረግ ወይም ነቅሎ ለብቻው ማስቀመጥ፣ መሣሪያውን ማጥፋት ወይም መቆለፍ፣ ሲደርሱም ጫፎቹን መጥረግ ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሳፈር መንገደኛም ፓወር ባንክን፣ ልቅ ሴልንና ቬፕን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማድረግ በዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ደንብ የተከለከለ መሆኑን ይወቅ፤ በእጅ የሚያዙ ናቸው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደውም እያንዳንዱ እስከ 100 ዋት ሰዓት የሆነው ነው፤ ይህም በ27,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ ያህል ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ

ለወራት የማይጠቀሙበትን ሴል ከመሣሪያው አውጥተው በ3.7 ወይም በ3.8 ቮልት ላይ፣ ማለትም በግማሽ አካባቢ፣ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት። በደሴ ማንኛውም ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ አጠገብ ያለ መሳቢያ ተስማሚ ነው። በኮምቦልቻ ከጣሪያው ራቅ ያለውን፣ የቤቱን ዝቅተኛ ቦታ ይምረጡ። በየሦስት ወሩ ለክተው ከ3.4 ቮልት በታች ከወረደ ወደ 3.8 መልሱት።

ሁለት ሴል ጎን ለጎን በሚያስገባ መሣሪያ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀን የተገዙና አብረው የሚሞሉ መሆን አለባቸው፤ አሮጌና አዲስ ሲቀላቀሉ ደካማው ቀድሞ አልቆ ጠንካራው እያስገደደ ያበላሸዋል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ጡረታ ማውጣት፣ አደጋ ሲመጣ መወጣትና ማስወገድ

አቅሙ ከ80 በመቶ በታች የወረደ ሴል ከቬፕና ከመሰርሰሪያ ወጥቶ ወደ መብራት ወይም ሬዲዮ ይዛወር፤ ከ60 በመቶ በታች ሲሆን ግን ሙሉ በሙሉ ይሰናበት። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየን ሴል በሌላ ባትሪ እየገፉ «ማስነሣት» በአንዳንድ ቦታ ሲሠራ ይታያል፤ ይህ መደረግ የለበትም። በዚያ ዝቅተኛ ቮልት በውስጡ ያለው የመዳብ ቅጠል ይሟሟል፤ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ መዳቡ በማይፈለግበት ቦታ ተመልሶ ይጣበቅና በሴሉ ውስጥ ሾርት ይፈጥራል። ሴሉ የዳነ መስሎ ለሳምንታት ሠርቶ፣ አንድ ሌሊት ቻርጀር ላይ ሳለ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሴል ሳይነካ ከሞቀ፣ ካፏጨ ወይም ጣፋጭ የቀለም ማቅጠኛ መሰል ሽታ ካወጣ፣ ቻርጀሩን ከሶኬቱ በኩል ይንቀሉ፤ ሴሉን በባዶ እጅ አይያዙ፤ የሚቻል ከሆነ በመቆንጠጫ ወይም በአካፋ ወደ ግቢ ያውጡት፤ ካልተቻለም ልጆችን ይዘው ከክፍሉ ይውጡ። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ በላዩ ጎንበስ ብሎ ማየት አይገባም። እሳቱ ከተነሣና ገመዱ ከተነቀለ በኋላ ብዙ ውሃ በማፍሰስ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ የጠፋ ሴል እንደገና ሊነድ ስለሚችል ውሃው ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት።

የተሰናበተን ሴል ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል፣ በተለይም ቆሻሻ በሚቃጠልበት ጉድጓድ መክተት ለሚያቃጥለው ሰው አደጋ ነው። ሁለቱንም ጫፎች በናስትሮ ይሸፍኑ፤ ለየብቻ በፕላስቲክ ጠቅልለው በቆርቆሮ ወይም በሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ከቤት ውጭ፣ ዝናብና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ያጠራቅሙ፤ ከዚያም አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስብ የጥገና ቤት የሴሉን ሁኔታ ነግረው ያስረክቡ። «የሞተ ነው፣ ዳግም አይሞላም» የሚል ወረቀት አብሮ ቢለጠፍበት፣ ሴሉ በሌላ ሰው እጅ ታድሶ ወደ ገበያ እንዳይመለስ ይረዳል።